አምራቹ ሞቶ መኪናው ሲቀር

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሲወራ እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች አዳምጠን ማለፍ አይሆንልንም፤ የተወለዱት አንጎለላ፣ የሸዋ ንጉሥ ሳሉም መናገሻቸው አንኮበር ነበርና ነገሩን ሁሉ እንደ ቤተሰብ ጉዳይ እናየዋለን። በዚህም ምክንያት «ወደ አገራችን የገባችው የመጀመሪያዋ መኪና ቤንትሊ ነበረች» የሚለውን ወሬ በደብረ ብርሃን ቡና ቤቶች በሰማሁ ቁጥር ጣልቃ ሳልገባ መቅረት አልችልም። ቤንትሊ የተባለው ፋብሪካ የተቋቋመው በ1919 ነው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት ደግሞ በ1906 ዓ.ም.፣ ፋብሪካው ከመቋቋሙ አምስት ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ቤንትሊ የመኪናዋ ስም ሳይሆን በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እየነዳ አዲስ አበባ ያደረሳት የእንግሊዛዊው የቤድ ቤንትሊ ስም ነው፤ እርሱም ከፋብሪካው መሥራች የተለየ ሰው ነው። መኪናዋ ዎልስሊ-ሲድሊ ነበረች። ከእርሷ ብዙም ሳይቆይ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ፤ የዚያችኛዋ ስም ናከ ሲሆን የተሠራችውም በሳክሶኒ፣ ኮስቪግ በምትባል ትንሽ ከተማ በነበረ ፋብሪካ ነው።

ዎልስሊ በ1920ዎቹ ከስሮ በ1927 በዊልያም ሞሪስ ተገዛ፤ ሞሪስ በ1952 ከኦስቲን ጋር ሲዋሐድ አብሮ ተዋሐደ፤ በ1968 ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው ትልቅ ድርጅት ሲመሠረት እዚያው ውስጥ ገባ፤ በ1975 ስሙ ከገበያ ወጣ። ናከም ከመኪና አምራቾች ተርታ ከወጣ ዘመናት ተቆጥረዋል። ቤንትሊ ግን በቮልክስዋገን እጅ ሆኖ ዛሬም ይሸጣል፣ በቴሌቪዥን ይታያል፣ የሀብታም መኪና እንደ ሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ «ቤንትሊ» እና «ምኒልክ» የሚሉት ስሞች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ሰሚው የሚያውቀውን ፋብሪካ አምጥቶ በማያውቀው ፋብሪካ ቦታ ይተካዋል። ማንም አልዋሸም፤ በሕይወት ያለው ስም የሞተውን ዋጠው እንጂ። የመኪና ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በዚህ መንገድ ነው ብዬ ስለማምን ነገሩን ከአንድ ቡና ቤት ክርክር ሰፋ አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ።

መኪና ወዳዶች «ነፃ አምራቾች» የሚሏቸው በአሜሪካ ከሦስቱ ትልልቆች፣ ማለትም ከጄነራል ሞተርስ፣ ከፎርድና ከክራይስለር ውጭ ራሳቸውን ችለው ይሠሩ የነበሩትን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያው መኪና በተጠማበት ጊዜ ሃድሰን፣ ናሽ፣ ፓካርድ፣ ስቱድቤከር፣ ዊሊስና ካይዘር-ፍሬዘር ሁሉም ያመረቱትን ይሸጡ ነበር፤ ከ1953 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ግን አንዱ ከሌላው ጋር እየተጣበቀ፣ ስሙ እየተሰረዘ፣ በሩ እየተዘጋ ሄደ። ሙያ የጎደላቸው አልነበሩም። ስቱድቤከር በ1852 በሳውዝ ቤንድ ከተማ የጋሪ መሥሪያ ሆኖ የጀመረና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ጋሪ ያቀረበ ነው። በ1899 የተመሠረተው ፓካርድም የቅንጦት መኪና በመሥራት የታወቀ ከመሆኑ በላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሮልስ-ሮይስን የአውሮፕላን ሞተር በፈቃድ ያመርት ነበር።

«ዘመኑ ጥሏቸው ሄደ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ስለ ውድቀታቸው የሚነግረን ነገር የለም፤ ዘመኑ ራሱ ምን እንደ ሠራ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የሃድሰን ታሪክ ይመስለኛል። ሃድሰን በ1948 ያወጣው መኪና ወለሉ ከሻንሲው አግዳሚዎች ዝቅ ብሎ የተሠራ ነበር፤ ተሳፋሪው በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ እንደ መውረድ ብሎ ይቀመጣል፣ የመኪናው ክብደትም ወደ መሬት ስለሚቀርብ ኩርባ ላይ አይዋልልም። ከዚሁ የተወለደው ሆርኔት ከ1951 እስከ 1954 ናስካር በተባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ስምንት ሲሊንደር ያላቸውን ተፎካካሪዎቹን በስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲያሸንፍ ቆየ። ነገር ግን መኪናውን ያስመሰገነው አሠራር ፋብሪካውን አሰረው። ቦዲውና ሻንሲው በብየዳ አንድ ላይ የተያያዙ በመሆናቸው ትልልቆቹ እንደሚያደርጉት በየዓመቱ ኮፋኖውን አርዝሞ፣ ፓራፋንጎውን አሹሎ፣ አዲስ አስመስሎ ማውጣት አይቻልም፤ ቅርጹን ለመቀየር ከሥሩ መጀመር ግድ ይሆናል። ላሜራውን ጨምቆ ቅርጽ የሚያወጣው ብረት ደግሞ አንድ ሚሊዮን በር ቢወጣበትም ስልሳ ሺህ በር ቢወጣበትም የሚጠይቀው ገንዘብ ያው ነው። ሸቭሮሌ ይህን ወጪ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆነ የዓመት ምርት ያካፍለዋል፤ ሃድሰን ግን በ1952ም ሆነ በ1953 መቶ ሺህ እንኳ ላልሞላ ምርት ነው የሚያካፍለው። የቀረውን ጥሪቱንም ጄት በምትባል አነስተኛ መኪና ላይ አፈሰሰው፤ ጄት ግን ዋጋዋ ከእርሷ ከሚበልጡት ከፎርድና ከሸቭሮሌ የማያንስ ሆኖ ገዢ አጣች።

በዚሁ በ1953 የኮሪያ ጦርነት ያስከተለው የምርት ቁጥጥር ሲነሣ ፎርድ ሸቭሮሌን ለመብለጥ ተነሣ፤ ፋብሪካው ነጋዴው ያላዘዘውን መኪና ጭምር እየጫነ ይልክለታል፣ ነጋዴውም ግቢው እንዲለቀቅለት በቅናሽ ይሸጣል፣ ሸቭሮሌም በዚያው መንገድ ይመልሳል። ሁለቱ ዝሆኖች አንዱ ሌላውን አልጣለውም። የተረገጡት የሃድሰን፣ የናሽና የስቱድቤከር ነጋዴዎች ናቸው፤ ያን ያህል ቅናሽ የሚያስችል ትርፍ ስላልነበራቸው ብዙዎቹ ሱቃቸውን ዘጉ ወይም ወደ ትልልቆቹ ተሻገሩ። በግንቦት 1954 ናሽና ሃድሰን ተዋሕደው አሜሪካን ሞተርስ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ፓካርድ ስቱድቤከርን ገዛ።

የፓካርድ ነገር ይበልጥ ያሳዝናል። ፓካርድ ቦዲ የሚሠራለት ብሪግስ የተባለ ድርጅት ነበር፤ በ1953 ክራይስለር ይህን ድርጅት ጠቅልሎ ገዛው፣ ለፓካርድ የሚደረገው አቅርቦትም እንደሚቋረጥ ታወቀ። ፓካርድ የራሱን ቦዲ ለመሥራት በዲትሮይት ጠባብ ፋብሪካ ተከራይቶ በጥድፊያ ሲገባ የ1955 መኪኖቹ በጥራት ጉድለት ስማቸው ጠፋ። የገዛው ስቱድቤከርም ወጪውን ለመሸፈን መሸጥ የነበረበት የመኪና ብዛት በውሉ ጊዜ ከተነገረው እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻዎቹ የ1957 እና የ1958 ፓካርዶች የፓካርድ ስም የተለጠፈባቸው ስቱድቤከሮች ነበሩ።

ስቱድቤከር በታኅሣሥ 1963 የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካውን ዘግቶ በካናዳ ሃሚልተን እስከ መጋቢት 1966 ተንፏቀቀ። ስለዚህ ድርጅት የተዘጋጁ ያማሩ መጻሕፍት አቫንቲ የተባለችውን ውብ መኪና ከአሥር አቅጣጫ ያሳዩናል፤ ሬይመንድ ሎዊ የተባለውን ስመ ጥር ንድፍ አውጪ ያወድሳሉ። ፋብሪካው ሲዘጋ የጡረታ ቋቱ ለሁሉም የሚበቃ ገንዘብ ያልነበረው መሆኑንና ጡረታ ለመውጣት ዕድሜያቸው ገና ያልደረሰ ከ4,000 በላይ ሠራተኞች ከሚገባቸው ገንዘብ 15 በመቶ ያህል ብቻ ማግኘታቸውን ግን ብዙዎቹ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል። አሜሪካ በ1974 የሠራተኞችን ጡረታ የሚጠብቅ ሕግ ስታወጣ በምክንያትነት ይጠቀስ የነበረው ይኸው ጉዳይ ነው። እንደ እኔ ግምት ስቱድቤከር ለዓለም ያወረሰው ትልቁ ነገር ይህ ሕግ ነው፤ መኪናዎቹ ሁለተኛ ናቸው።

የመኪና ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ተሸናፊዎቹ ሲጽፉ ሁለት መንገድ ይከተላሉ፤ ሁለቱም አይጥሙኝም። የመጀመሪያዎቹ «መኪናቸው መጥፎ ነበር፣ ገበያው ፈረደባቸው» ይላሉ። ሆርኔትን ያየ ይህን አይልም። ሌሎቹ ደግሞ «መኪናቸው ከዘመኑ የቀደመ ነበር፣ ትልልቆቹ ተማክረው ገደሏቸው» ይላሉ። ለዚህ ዋናው ምሳሌያቸው ፕሬስተን ተከር ሲሆን 51 መኪና ብቻ ሠርቶ በማጭበርበር ተከሰሰና በጥር 1950 ነፃ ወጣ። ነፃ መውጣቱ ሁልጊዜ ይነገራል፤ መኪናው ሳይመረት የነጋዴነት ፈቃድና የመኪና ዕቃ አስቀድሞ መሸጡ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚነገረው። በሁለቱ መካከል የምትቀረው ራምብለር ናት። ከናሽና ከሃድሰን ውሕደት የተወለደው አሜሪካን ሞተርስ፣ ጆርጅ ሮምኒ በተባለ ሰው እየተመራ፣ የሁለቱንም ነባር ስሞች በ1957 ሰርዞ በአነስተኛ መኪና ላይ ብቻ በማተኮሩ በ1961 ራምብለር በአሜሪካ በሽያጭ ሦስተኛ ሆነች። ነፃ አምራች ሊኖር አይችልም ነበር የሚለውን ይህ ያፈርሰዋል፤ ስሙንና ኩራቱን ሳይለቅ ሊኖር ይችል ነበር የሚለውንም እንዲሁ።

አሁን ወደምናውቀው መኪና ልምጣ። ጂፕን የማያውቅ የለም፤ በየመኪናዎቹም ላይ «ከ1941 ጀምሮ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ናሙና ለአሜሪካ ጦር የተረከበችው ከዚያ በፊት በመስከረም 1940 ሲሆን የሠራትም ዛሬ ጂፕን የያዘው ድርጅት ወይም ከእርሱ በፊት የነበሩት ባለቤቶች አይደሉም። በፔንሲልቬኒያ በትለር በምትባል ከተማ የነበረ ባንተም የሚባል ሊከስር አፋፍ ላይ የደረሰ ትንሽ ፋብሪካ ነው። ጦሩ ናሙናው በ49 ቀን እንዲደርስለት ሲጠይቅ ትልልቆቹ አመነቱ፤ ባንተም ካርል ፕሮብስት የተባለ መሐንዲስ ጠርቶ ንድፉን በጥቂት ቀናት አስወጣና መኪናዋን በመጨረሻው ቀን፣ ሰዓቱ ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አደረሰ። ጦሩ መኪናዋን ወደዳት፤ ፋብሪካውን ግን አላመነውም። ንድፉ የመንግሥት ንብረት ነው ተባለና ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ። በጦርነቱ ዘመን ዊሊስ ከ350,000 በላይ፣ ፎርድም ሩብ ሚሊዮን የሚያልፍ ጂፕ ሲያመርቱ የባንተም ድርሻ 2,600 ከሚያልፉት አልዘለለም፤ ከዚያ በኋላ ተጎታች ጋሪ እንዲሠራ ተደረገ። ዊሊስ «ጂፕን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» እያለ ሲያስተዋውቅ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ1948 እንዲህ ብሎ እንዳያስተዋውቅ አዘዘው። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ «ጂፕ» የሚለው ስም በዊሊስ የንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። ፈጠርኩ ማለት ተከለከለ፤ ስሙን ማስመዝገብ ግን ተፈቀደለት።

ከዚያ በኋላ የሆነው የባለቤቶች ሰልፍ ነው፤ ዊሊስ በ1953 ወደ ካይዘር፣ ካይዘር ጂፕ በ1970 ወደ አሜሪካን ሞተርስ፣ አሜሪካን ሞተርስ በ1987 ወደ ክራይስለር፣ ክራይስለር በ1998 ወደ ዳይምለር፣ በኋላም ወደ ፊያት፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ስቴላንቲስ ወደሚባለው ቡድን። ከመኪና ስም ይልቅ የመሬት ክርክር መዝገብ ይመስላል።

አጎቴ ጠባሴ አካባቢ ጋራዥ አላቸው። በቅርቡ የአንድ ደንበኛቸውን አሮጌ ጂፕ ለማደስ ብረት ቀጥቃጩ የኋላ በሩን ቀለም በብረት ብሩሽ ሲፍቅ አየሁ። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከነጩ ሥር የወታደር ቀለም፣ ከእርሱም ሥር የዛገ ቀይ ወጣ፤ ወፍራሙ የስቱኮ ልጣጭ ሲረግፍ ደግሞ ላሜራው ላይ ተጨምቆ የተጻፈ «ዊሊስ» የሚል የፈረንጅ ፊደል ብቅ አለ። ባለቤቱ እስከዚያ ቀን ይህን አያውቅም ነበር። ከኮፋኖው ሥር ያለው ሞተር የቶዮታ ናፍጣ ነው፤ ካምቢዮውም አብሮ ተቀይሯል፤ የኋላ ባሌስትራዎቹ ከሌላ መኪና ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው፤ መሪው የላንድሮቨር ነው። ሊብሬው የሻንሲ ቁጥሩን እንደ ነበረ ይዞ የሞተር ቁጥሩን ግን በአዲስ ተክቶታል። አሜሪካ ከ1953 ጀምራ ለኢትዮጵያ የጦር እርዳታ ትሰጥ ስለ ነበር እንዲህ ዓይነት ጂፖች ከሠራዊቱ እየወጡ በየክፍለ ሀገሩ መበተናቸው አያስገርምም።

አጎቴን «ጋሼ፣ ይህ መኪና እንግዲህ ምን ይባላል?» ስላቸው «የሚሄድ መኪና ይባላል፤ አንተ ደግሞ ስም ትወዳለህ» አሉኝ። ውጭ አገር ጥንታዊ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ግን እንዲህ ያለውን መኪና ዋጋ አይሰጡትም፤ ለእነርሱ ትልቁ ክብር ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው እያንዳንዱ ብሎን በቦታው መገኘቱ ነው። በዚህ መለኪያ የሚከበረው ከተመረተ በኋላ ምንም ያልደረሰበት መኪና ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ዊሊስ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ደርሶበታል። ፋብሪካው ከጠፋ ከስልሳ ዓመት በኋላ በምን ብልሃት፣ በማን እጅ፣ ከየትኛው መኪና በተወሰደ ዕቃ እንደ ኖረ የሚናገረው እርሱ ሆኖ ሳለ ቤተ መዘክር የሚገባው ግን ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረው ነው።

ወደ ራሳችን መንገድ ስንመጣም የሚነገረውና የሆነው አይገጥሙም። የባዶሊዮ ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ በጣርማበርና በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የገባው ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነው። ፋሺስቶች ይህን ጉዞ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው የኢጣሊያ ሞተርና የኢጣሊያ ወኔ ድል አድርገው አወሩት። ሰልፉ ውስጥ ግን ከፊያቶቹ ጎን ፎርድ፣ ሸቭሮሌ፣ ቤድፎርድና ስቱድቤከር ነበሩ። ጣርማበር ላይ መንገዱ ተንዶ ስለ ነበር ያ ሁሉ ብረት ቆሞ ሰው በአካፋና በዶማ እስኪጠርግለት ጠበቀ። ዛሬ በዚያው ዳገት ለሚያልፍ መንገደኛ ዋሻውን እያሳዩ ስለ ኢጣሊያ ምሕንድስና የሚተርኩ አሉ፤ ስለ ስቱድቤከሮቹ ግን አንድም ሰው ሲያወራ አልሰማሁም፤ ፋብሪካው ጠፍቷልና ማን ያንሣው።

የፊያት ስም ግን እዚህ አገር የታተመ ነው። አጎቴ ከወረራው ዘመን የቀሩትን ፊያት 634 ጭነት መኪኖች ሲያነሡ «ትሬንታ ኳትሮ» ይላሉ፤ እርሳቸው ራሳቸው በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ረዳት ሆነው የሠሩት በ682ቱ፣ በኤንትሬው ላይ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ሞተሩ እያጓራ በአንደኛ ማርሽ ይጎተታል፤ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ ይከተላል፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል። ጉም በወረደ ጊዜ ሹፌሩ ረዳቱ ያለበትን የሚያውቀው በፉጨት ነበር። ኢጣሊያ ግን የፊያት ብቻ አልነበረችም፤ ላንቺያና ኦም የተባሉትም ጭነት መኪና ይሠሩ ነበር። ኦም በ1930ዎቹ፣ ላንቺያ በ1969 በፊያት እጅ ገቡ፤ በ1975 የሁሉም የጭነት መኪና ክፍል ከጀርመኑ ማጊሩስና ከፈረንሳዩ ዩኒክ ጋር ተቀላቅሎ ኢቬኮ ሆነ። በአዲስ አበባ የሚገኘው አምቼ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቋቋም የገጣጠመው ፊያት በኋላ ኢቬኮ የሆነውም በዚሁ ነው። ለአጎቴ ሁሉም «ጣሊያን» ነው።

ታሪኩን የሚነግረው የተረፈው ነው ስል ግን የጠፋው ወገን ሁልጊዜ እውነቱን ይናገራል ማለቴ አይደለም። በ1940 የናዚ ጀርመን የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ታላላቆቹ ኢንሳይክሎፒዲያዎች የመኪና ፈልሳፊ ብለው የሚጠቅሱትን ዚግፍሪድ ማርኩስን አውጥተው በምትኩ ዳይምለርንና ቤንዝን እንዲያስገቡ አዘዘ፤ ማርኩስ በቪየና የኖረ አይሁዳዊ ስለ ነበር ነው። ይህ ዓይን ያወጣ ስረዛ ነው። ሆኖም ቪየናዎችም የማርኩስን ሁለተኛ መኪና የ1875 ሥራ እያሉ ለረጅም ጊዜ ሲኮሩባት ኖረው በኋላ ሲመረመር በ1888 እና በ1889 መካከል የተሠራች፣ ማለትም ከቤንዝ የ1886 ፓተንት በኋላ የመጣች ሆና ተገኘች። የተበደለ ሰው የሚናገረውም እንደ በዳዩ ሁሉ በሰነድ መታየት አለበት።

ሰነዱ የት አለ የሚለው ጥያቄ ነው የሚያሳስበኝ። መርሴዲስ በሽቱትጋርት የራሱ ቤተ መዘክርና ቤተ መዛግብት አለው። ስቱድቤከር እንኳ ከተማው ስላልተወው በሳውዝ ቤንድ ቤተ መዘክር ቆሞለታል። በእኛ አገር ላይ የተገጣጠሙትን መኪኖች ታሪክ ግን ማን ይዞታል? ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት በሞጆ «አባይ» የሚል ስም ሰጥቶ የቻይናውን ሊፋን ይገጣጥም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ። ሊፋንም ራሱ በ2020 ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ በፍርድ ቤት እንዲዋቀር ተደረገ። አባይ መኪና ዛሬም አልፎ አልፎ መንገድ ላይ ይታያል፤ ልጆች ሲያዩት የማን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ትራንስፖርት ቢሮዎች ውስጥ ያሉት የሊብሬ ማኅደሮች፣ ማለትም የሻንሲ ቁጥር፣ የተቀየረ ሞተር፣ የተላለፈ ባለቤትነት የተመዘገበባቸው ወረቀቶች፣ ለእኔ ከማንኛውም ያማረ የመኪና መጽሐፍ ይበልጣሉ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው ቢመጣ ከእነርሱ መጀመር ይኖርበታል፤ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ አሮጌው ወረቀት እንዳይጣል የሚከላከል ሰው ካለ ማለት ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየገቡ ነው፤ በዲትሮይት በ1950ዎቹ የሆነውም በቻይና በዓይናችን ፊት እየተደገመ ነው። የዋጋ ቅነሳ ፉክክሩ ያው ነው፤ ትንሹ አምራች ቀድሞ የሚወድቀውም እንደዚያው ነው። ዌልትማይስተር የተባለው በ2023 ኪሳራ ውስጥ መግባቱን አሳወቀ፣ ሃይፊ የተባለው ደግሞ በ2024 ማምረት አቆመ። ልዩነቱ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ነው። የሞተውን የዊሊስን ፋብሪካ ዕቃ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስጠረብ፣ ሞተሩንም በቶዮታ መተካት ይቻላል። የኤሌክትሪኩን መኪና ባትሪ የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ግን በፋብሪካው የተቆለፈ ነው፤ ፋብሪካው ከሌለ ቁልፉም አይኖርም።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ስሟን ከዚያ በፊት ሰምቼ የማላውቃትን የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና የፊት እግሯ ቡሽ ተበልቶ ወደ አጎቴ ጋራዥ አመጣት። አጎቴ ቡሹን አውጥተው በካሊፐር ለኩት፤ ቁጥሩን በካርቶን ላይ ጻፉና ልጁን ቶርኖ ቤት ላኩት። ተመልሶ ሲመጣ እየገጠሙለት «ልጄ፣ ፋብሪካው ቢዘጋ የባትሪው ነገር እንዴት ይሆናል?» ብለው ጠየቁት። «ጋሼ፣ ያስመጣልኝ ሰውዬ ስልኩ አለኝ» አላቸው። አጎቴ ዝም ብለው ብሎኑን አጠበቁና የቡሹን ልክ የጻፉበትን ካርቶን ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ልኮች ጎን ሰኩት፤ «የዚችኛዋ ስም ማን ነበር ያልከኝ?» ብለውም ከቁጥሩ በላይ አስጻፉኝ።